በእሾህ የተዘጋ መሻገሪያ

እህቶቼ፣ ልጅን ከክፉ መጠበቅ አብቅቶ ልጅን ማፈን የሚጀምረው የቱ ጋ ነው? አስቤ አስቤ መልስ አላገኘሁለትም። ያገኛችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

አንዲት ሴት ነበረች። ቤቷ ከአስፋልት ዳር ነው። ከመንገዱ ወዲህ የእሷ የድንች ማሳና ወንዙ፣ ከመንገዱ ወዲያ የአራዊት ጥብቅ ደን። ከአስፋልቱ ሥር ጎርፍ የሚያልፍበት፣ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ሰፊ የሲሚንቶ ቱቦ አለ። በበጋ ሲደርቅ አጋዘኑም ከርከሮውም በዚያ ተሻግሮ ወንዝ ወርዶ ይጠጣል፤ በዚያው ይመለሳል።

ይህች ሴት ከልጅ ልጇ ከትርሲት በቀር ሰው የላትም። ትርሲት ከተማ ሄዳ ነርስነት መማር ትመኛለች። ወሬውን ጀመር ስታደርግ ግን፣ "ከተማ ይበላሻል! ዝም በይ!" ትባላለች። ዝምም አለች።

ሴትዮዋ ፍርሃቷ አላባራም። "ከርከሮ ድንቼን ቢቆፍርብኝስ? ጅብ ተከትሎ ቢመጣስ?" አለችና የቱቦውን አፍ በግራር እሾህ ጠቅጥቃ ዘጋችው። ማሳችንን የምናጥረውስ እንዲሁ አይደል?

የደኑ ጠባቂ ደምሰው አይቶ ሳቀ። "እትዬ፣ እንግዲህ በሚኒባስ ይሻገሩ?"

"እንደፈለጉ! ከደጄ ይራቁልኝ እንጂ።"

"የጠማው ይቀራል ብለው ነው? በላይ፣ በአስፋልቱ ነው የሚመጣው።"

"አንተ ልጅ አልወለድክ፣ ምን ታውቃለህ!"

በላይ መጡ። አንዲት አጋዘን ግልገሏን አስከትላ አስፋልቱ ላይ ወጣች፤ የጭነት መኪና ገጫት። ግልገሏ ወደ ኋላ ሸሽታ ከደኑ ጠርዝ ቆመች። እናቷ ወዲህ ወድቃ፣ እሷ ወዲያ። ቀኑን ሙሉ እዚያው ቆመች፤ የሚጠራት የለም።

ሴትዮዋ ደነገጠች። እሾኹን በባዶ እጇ እየጎተተች አነሣችው። ተከፈተ። ማን መጣ? ማንም አልመጣ። አሸዋው ላይ አንድ ዱካ የለም።

"መቼ ነው የሚመለሱት?" አለችው ደምሰውን።

"እኔ እንጃ፣ እትዬ። መክፈቱ የእርስዎ ነው፤ ማመኑ ግን የእነሱ ነው።"

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እናንተስ ቤት መሻገሪያ የለም? "እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" ትላለች ልጃችሁ። ያቺ ናት መሻገሪያዋ፤ ሌላ የላትም። እኛስ ምን እንላለን? "ከማን ጋር ነበርሽ? ሰው ምን ይላል? አርፈሽ ተቀመጪ!" እሾህ በእሾህ ላይ። ክፋት ሆኖብን አይደለም፣ ፍርሃት ነው፤ እሾህነቱ ግን አይቀርም። ልጅም ዝም አለ ማለት ጉዞውን ተወ ማለት አይደለም። በላይ ይሄዳል፣ መኪናው ባለበት። ስለ እግዚአብሔር፣ እሾኹን ዛሬ አንሡት! አንሥታችሁም ልጆቻችሁ ቶሎ ካልመጡላችሁ አትቆጡ።

ያቺ ሴት ደምሰውን በጠየቀች በማግስቱ ጠዋት ከትርሲት አልጋ ጠርዝ ተቀመጠች። "በይ ስለ ከተማው ንገሪኝ፤ አልቆጣም፣ እሰማሻለሁ" አለቻት።

ትርሲት ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ጫማዋን አጠለቀች፣ የታሰረ ቦርሳዋን ከአልጋው ሥር ሳበች፣ ከቤት ወጥታ በአስፋልቱ ወደ ከተማው አቅጣጫ ሄደች።