ከቀንበር ሥር የጠባው ጥጃ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ በእርሻ ወቅት በሬው የሞተበት።

ይበልጣል ልጄ፣ ስለ ሚስቴ ብጠይቃቸው ስለ ገበሬ ያወሩኛል ብለህ አትታዘበኝ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። ሚስትህ ማስተዋል ከወሊድ ፈቃድ ተመልሳ ማዘጋጃ ቤት መግባት ከጀመረች ወዲህ ጡቷ እየነጠፈ ነው፤ ልጁም ከስቷል። አንተም «ሁለት ወዶ አይሆንም፤ ወይ ሥራዋን ወይ ልጇን ትምረጥ። ሽማግሌ ሆነው ያጋቡን እርስዎ ነዎትና እርስዎ ይንገሩልኝ» አልከኝ። ልንገራት አልንገራት ኋላ እናያለን። አሁን ዝም ብለህ አድምጥ።

ይህ ገበሬ ሀብታም አልነበረም። የነበረው አንድ በሬ ነው። ጎረቤቱም እንዲሁ ባለ አንድ በሬ ነበርና፣ ሁለቱ በሬዎቻቸውን እያቀናጁ ተራ በተራ ያርሱ ነበር። የገበሬው በሬ ሲሞት በረቱ ውስጥ የቀረችው ገና የወለደች ላም ከነጥጃዋ ናት። ዝናቡ ጥሏል፤ ሰው ሁሉ ማሳው ላይ ነው፤ በሬ የሚያውሰው ጠፋ። መሬቱ ጦም ካደረ ቤተሰቡም ጦሙን ሊያድር ነው።

ሲጨንቀው ላሚቱን ጠመዳት። በዚያ አገር ላም መጥመድ ነውር ስለሆነ መጀመሪያ ያረሰው ከመንገድ የራቀውን ማሳ ነበር። ግን የገጠር ነገር መች ይደበቃል! ውሃ የወረዱ ሴቶች አዩትና «ነገ ደግሞ ሚስቱን ይጠምዳል» ብለው ሳቁበት። ሰማቸው። አንገቱን ደፋ እንጂ ማረሱን አልተወም። ምን ያድርግ?

ላሚቱ ግን የሳቁትን ሁሉ አሳፈረቻቸው። ከጎረቤቱ በሬ ጎን ሆና ትልሙን ቀጥ አድርጋ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። አንድ አመል ብቻ ነበረባት። ከቤት በኩል ጥጃዋ «እምቧ» ሲል ከሰማች ፈሩ መካከል ቀጥ ትላለች። ያን ጊዜ ቀንበሩ ይጣመማል፣ በሬው ይደናገራል፣ የበሬው ጌታም ይቆጣል።

«ወይ ላም ትሁን ወይ በሬ ትሁን፤ አንዱን ለይላት!» ይለዋል።

ገበሬውም በጅራፍ ይሾጣታል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሲሾጣት ያዝን ነበር። ያዘነ ሰው መምታቱን ይተዋል ያለው ግን ማነው?

አመሏን ያስተዋት መስሎት ጥጃውን ከቤት አርቆ፣ ድምፁ ከማይሰማበት ገደል ሥር አሰረው። በዚህ ላይ ሌላ ጥፋት ጨመረበት። «ፀሐይ የመታው ወተት ሆድ ያቃጥላል» ሲባል እየሰማ ያደገ ነውና፣ ማታ ከቀንበር ሲፈታት መጀመሪያ የሚወርደውን ወተት መሬት ላይ ያልበዋል። ከዚያ ነው ጥጃውን የሚለቅላት። መሬቱ ይጠጣል፤ ጥጃው ትራፊውን ይልሳል።

ብዙም ሳይቆይ ግቷ ተሸበሸበ። የጥጃው ጠጉር ቆመ፣ የጎን አጥንቱ ተቆጠረ። ገበሬው ላሚቱን አተላ አጠጣት፣ ጨው አላሳት፤ ወተቷ ግን አልመለስ አለ። ሚስቱም «የእኛስ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ከደጃችን ቆማ እያየናት ወተቷን አናይም» አለችው። እሱም እርፉን ይዞ ከትልሙ ሲወጣና ሲወርድ የሚያስበው ስለዚሁ ነበር። ጥጃው ወንድ ነው፤ አድጎ የሞተውን በሬ የሚተካው እሱ ነው። ላሚቱን ቢፈታት የዘንድሮው እህል የለም። ቢጠምዳት ደግሞ የነገው በሬ የለም።

በመጨረሻ ጨከነ። «ሁለት ወዶ አይሆንም» አለ፣ ልክ እንደ አንተ። ሚስቱንም «ጥጃውን ሳይሞትብን ገበያ አውጥተሽ ለሚገዛ ስጪው» ብሏት ወደ ማሳው ሄደ።

ሚስቲቱ ወደ ገደሉ ወርዳ ጥጃውን ፈታችው። የገበያው መንገድ በላይ በኩል ነው። እሷ ግን ጥጃውን እየሳበች በታች በኩል፣ በማሳው ዳር አመጣችው። ባሏ ከሚያርስበት ስትደርስ ገመዱን ለቀቀች። ኋላ ሲጠይቋት «አመለጠኝ» ብላ አልዋሸችም፤ «ለቀቅኩት» ነው ያለችው።

ጥጃው እየተንገዳገደ፣ ጓል ለጓል እየወደቀና እየተነሣ ሄደ። ከእናቱ ሆድ ሥር ገብቶ ግቷን በግንባሩ ጎሸመው። ላሚቱ ቆመች። የበሬው ጌታ «ኧረ በላት!» ብሎ ጮኸ። ገበሬው ጅራፉን አነሣ።

እንዳነሣ ጥጃውን አየው። ጅራቱ ይወዛወዛል፤ ከአፉ ዳርና ዳር ነጭ አረፋ ይወርዳል። ነጥፏል የተባለው ግት ወተት ይሰጣል! ላሚቱ አንገቷ በቀንበር ስለተያዘ ዞራ ልጇን ልትልስ አልቻለችም፤ ምላሷን አውጥታ ባዶውን አየር ትልሳለች። ይህን ሲያይ ገበሬው ሰው ያየኛል ሳይል አለቀሰ። ጅራፉን ጥሎ የቀንበሩን ማነቆ ከአንገቷ ፈታላት፤ እሷም ዞራ ልጇን ላሰች። ገበሬውም ጥጃው እስኪጠግብ ድረስ ቆሞ ጠበቀ።

«ቀኑ እኮ ሄደ!» አለ ጎረቤቱ። «አራሽ ነህ ወይስ ጥጃ ጠባቂ?»

«ሁለቱንም ነኝ» አለ ገበሬው። «አንተም አረፍ በል፤ በሬህም ይተንፍስ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥጃውን ከማሳው ዳር፣ እናቱ ከምታየው ቦታ ያስረው ጀመር። ረፋድ ላይ ላሚቱን ከቀንበር ይፈታታል፤ ጥጃው ይጠባል፤ መልሶ ይጠምዳታል። ወተት መሬት ላይ ማፍሰሱንም ተወ። ወተት የሚጠባው ሲያገኝ እንደሚመጣ፣ ሲከለከል እንደሚቀር ያን ጊዜ ገባው። ላሚቱም ልጇን እያየች ያለ ጅራፍ ትጎትት ጀመር። እውነቱን ለመናገር መሬቱ የተዘራው ከሰው ዘግይቶ ነው። ጎረቤቱም እስከ መጨረሻው እያጉረመረመ ነው ያረሰው። ላሚቱም ቢሆን ከስታ ከረመች። ዓመቱ የጥጋብ ዓመት አልነበረም። ግን ቤቱ አልተራበም፤ ጥጃውም ድኖ በእግሩ ቆመ።

እንግዲህ ይበልጣል፣ ሽማግሌው ላም አሉሽ ብለህ ለማስተዋል እንዳትነግርብኝ፤ ለዓመት በዓል ሳትጠራኝ ትቀራለች። እኔ የማወራው ስለ አንተ ነው። ያ ገበሬ መጀመሪያ ጥፋቱ የላሚቱ መሰለው፤ ቀጥሎ የጥጃው መሰለው። ጥጃውን አርቆ ያሰረው ማን እንደሆነ ግን ራሱን አልጠየቀም። ሚስትህ የምታርሰው የአንተን ማሳ ነው። የቤት ኪራዩም፣ የልጁ ልብስም፣ ያንተም እራት ከዚያ ማሳ ይወጣል። ማታ ደክማ ስትገባ እናትህ «ፀሐይ የመታው ወተት ነው፤ መጀመሪያ አፍስሽው» ይሏታል፤ እሷም አክብራቸው ታፈስሳለች፤ አንተም አጠገባቸው ተቀምጠህ ታያለህ። ከዚያ ነጠፈች ትለኛለህ። አልነጠፈችም! ልጇ ርቆ ታስሮባት ነው።

ራሷ «ሥራው ይቅርብኝ» ብትል ሌላ ነገር ነበር፤ ውሳኔው የእሷ ነው፤ እኔም አከብርላታለሁ። አንተ ግን አልጠየቅካትም። ትምረጥ ብለህ ፈረድክባት እንጂ አንድ ቀን «ምን ላግዝሽ?» አላልካትም። አለቃዋ ያጉረመርማል ትለኝ ይሆናል። ያጉረምርም! የበሬው ጌታም አጉረምርሞ ነበር፤ ግን ተቀምጦ ጠበቀ።

አንተ ባጃጅ ነጂ ነህ። የሰው ልጅ ጭነህ በማዘጋጃ ቤቱ በር ቀኑን ሙሉ ትመላለሳለህ። የራስህን ልጅ ከአያቱ ጋር አሳፍረህ እንድታጠባው አንድ ቀን ወስደህላት ታውቃለህ?

በል ተነሥ። እሷ አሁን ለምሳ ትወጣለች። ልጁ የት ነው ያለው?