ቤሊናና ከኮፈኗ ሥር ያለችው ድመት

ተረት ላስነሳ ነው፤ «ንዳው!» በሉኝ። እሺ፣ ነዳሁት።

ድሮ፣ ዕቃም እንስሳም አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ዘመን፣ ጣሊያን አገር ማስትሮ ኦታቪዮ የሚባል የመኪና አካል ሠሪ ነበረ። ላሜራ በመዶሻ ቀጥቅጦ፣ ቀጥቅጦ፣ ቀጥቅጦ ቤሊና የምትባል መኪና ሠራ። አቤት ስታምር! በሮቿ እንደ ክንፍ ወደ ላይ ይከፈታሉ፤ ወንበሮቿ የጥጃ ቆዳ ናቸው። ቤሊና ግን የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መንገድ ላይ መሮጥ።

አንድ ቀን ላሜራ የሚያመላልሰውን አሮጌውን የጭነት መኪና አያ ካሚዮንን አየችና፣ «ወዲያ በል! በጭስህ ልታጠቁረኝ ነው?» አለችው።

«እሺ እመቤቴ» አለ አያ ካሚዮን እየሳለ። «ሰውነቴ ዝጓል፤ ሰሞኑን ሊያፈርሱኝ ነው። ሞተሬ ግን ገና ጎረምሳ ነው። የአንቺስ?»

«የእኔማ አይወራ!» ብላ ተኩራራች።

ያኔ ከኮፈኗ ሥር እመት ድመት ሳቀች። «የምን ሞተር? እዚህ ያለነው እኔና ልጆቼ ነን። አንቺ የተሠራሽው ለትርኢት ነው። የሚገዛሽ ካልተገኘ በሸራ ይሸፍኑሻል፤ በቃ!»

ቤሊና ክው አለች። «ለዘላለም?»

«አይዞሽ፣ እኔ ብልሃት አላጣም።»

የትርኢቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ቤሊናን ገፍተው አስገቧት። ሲኞራ ኤርሲሊያ የምትባል ባለጸጋ ልትገዛት ቀረበች።

«በሯ ይከፈት!» አለች። ተከፈተ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

«ድምጿ ይሰማ!» አለች። እመት ድመት ልጆቿን ጠቀሰች። ኹርርር! ኹርርር! ኹርርር! «እንዴት ያለ ለስላሳ ሞተር ነው!» አለች ሲኞራ። ሕዝቡ ፈነደቀ።

«እንግዲያው ትሂድ!» አለች። ኹርርር! ንቅንቅ የለም። ኹርርር! ንቅንቅ የለም። ድመቶቹ ትንፋሽ አጠራቸው።

ቤሊና አፈረች፤ ግን ከዚያ በላይ መዋሸት አቃታት። «ሞተር የለኝም! ሆዴ ውስጥ ያለችው ድመት ናት!» ብላ ጮኸች።

ኮፈኑ ቢከፈት ድመት በድመት! ሕዝቡ አውካካ። ማስትሮ ኦታቪዮ ፊቱ ቀላ።

«ታዲያ ሞተር ከየት ይምጣልሽ?» አለች ሲኞራ። «የሚሄድ ነገር ነው የምገዛው።»

«ውጭ የቆመው አያ ካሚዮን አለው» አለች ቤሊና። «ግን ሰድቤዋለሁ። አያ ካሚዮን፣ ይቅር በለኝ!»

አያ ካሚዮን ከደጅ ሆኖ ጥሩምባውን ነፋ። «ፓፓፓ! ሞተሬ ከእኔ ጋር ከሚፈርስ ከአንቺ ጋር ይሩጥ!»

ማስትሮው ሞተሩን አውጥቶ ገጠመላት። ቤሊና እንደ አያ ካሚዮን ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ተፈተለከች! ከተማውን አቋርጣ ሽቅብ ወደ ተራራው!

«እየሄድኩ ነው! እየሄድኩ ነው!» አለች።

«እየሄድን ነው በይ!» አለ ከኮፈኑ ሥር የአያ ካሚዮን ድምፅ። «ማርሽ ቀይሪ እንጂ!»

ሲኞራም መሪውን ይዛ በደስታ ትጮኻለች። እመት ድመት ደግሞ ከነልጆቿ የጥጃ ቆዳው ወንበር ላይ ተጋድማለች። ውረጂ ሲሏት፣ «የመጀመሪያዋ ሞተር እኮ እኔ ነኝ!» ትላለች።

የጎደለውን ደፍሮ የተናገረ፣ የሚሞላለት አያጣም። የእኔ ተረት እዚህ ቆመ፤ ቁልፉን እንካችሁ፣ እናንተ ንዱት።