ማይክሮዌቩ ሲከሰስ

አቶ ይርዳው የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሲጋራቸውን እያጨሱ ወደ ሠራተኞች ክበብ ገቡና ለሠራተኛው ምሳ የምታሞቀውን ሴት ተቆጡ።

«ይህ ማይክሮዌቭ ካንሰር ያመጣል። ዛሬውኑ ይጣል!»

«ጌታዬ፣ ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ምግቡን ያሞቀዋል እንጂ ካንሰር አያመጣም ብለውኛል። እርሱ ከተጣለ ደግሞ እኔም ሥራ የለኝም» አለቻቸው።

አቶ ይርዳው በሠራተኞቻቸው ፊት መረታት አልፈለጉም። ጭሱን ወደ ፊቷ ለቀቁና ፈገግ አሉ።

«ይህን ያህል ካመንሽው፣ ከነገ ጀምሮ አንድ ወር ሙሉ በምሳ ሰዓት ፊትሽን የማይክሮዌቩ መስታወት ላይ አስጠግተሽ ትቆሚያለሽ። እኔም እዚሁ አጠገብሽ ሆኜ እጠብቅሻለሁ። ሸሸት ካልሽ ግን እርሱም አንቺም ትወጣላችሁ።»

ሠራተኞቹ የጠቀለሉትን ጉርሻ በእጃቸው እንደያዙ ወደ እርሷ ዞሩ። ሴትዮዋ ጭሱን በመዳፏ እያራገበች መለሰች።

«ወር አይደለም፣ ዓመትም እቆማለሁ ጌታዬ። እርስዎ ብቻ ሲጋራዎን ውጭ ያጭሱልኝ። ኋላ ካንሰር ቢይዘኝ፣ ምስኪኑ ማይክሮዌቭ በእርስዎ ኃጢአት ይከሰሳል።»