የአንጓች ጀልባ እና የድረስ ሣጥን

አንድ ሐይቅ ነበረ። በወዲህኛው ዳር አንጓች፣ ከመካከሉ ደሴት ላይ ደግሞ ታላቅ ወንድሟ አናጢው ድረስ ይኖሩ ነበር። ድረስ ታመመና ስልክ ደወለ።

«አንጓችዬ፣ ሳልሞት ፊትሽን ልየው።»

«መጣሁ፣ ጋሼ» አለች። የፈለገችው ይኸው ነው፤ መሻገር ብቻ።

በዚያ ዓመት ደንገሉ ከዳሩ ተመንጥሮ አልቆ ነበር። የመጨረሻዋ የደንገል ታንኳም የጀልባ ሠሪዎች ማኅበሩን ሊቀመንበር፣ አቶ ቢያድግልኝን፣ በሽተኛ ሊጠይቁ ወደ ደሴቱ ወስዳ እዚያው ውሃ ጠጥታ በስብሳ ቀርታለች። አንጓች ስለዚህ ወንድሟ ጀምሮ የተወውን የጣውላ ጀልባ ከጓሮ አወጣች። ስንጥቁን ሁሉ በነጭ ኮላ ደፈነች፣ አደረቀች፣ ገፋችው። ነጭ ኮላ ለወንበር ወደር የለውም። ውሃ ሲያገኘው ግን እንደ ወተት ቀለጠና ሐይቁ ውስጥ ገባ፤ ጀልባውም ተከተለው። እሷ እስከ ወገቧ ብቻ ነው የረጠበችው፤ ተመስገን ነው።

ጎትታ አወጣችውና «ጀልባዬ፣ ተንሳፈፍ እንጂ» አለችው።

«ከመስታወት ክር የተሠራውን ጨርቅ፣ ፋይበር የሚሉትን፣ ካላለበስሽኝ አልንሳፈፍም» አለ ጀልባው።

ጨርቁን ከከተማ አስመጣች። «ጨርቄ፣ ጀልባውን እቀፈው።»

«ሬዚን የሚሉትን ሙጫ ካልጠጣሁ አላቅፍም» አለ ጨርቁ።

ሬዚኑንም አስመጣች፤ ማር ይመስላል። «ሬዚኔ፣ ጨርቁ ላይ ጠንክር።»

«ማጠንከሪያ ጠብ ካላደረግሽብኝ እስከ ምጽአት እንዲሁ እንደተዝለገለግሁ እኖራለሁ» አለ ሬዚኑ።

ማጠንከሪያው ያለው በማኅበሩ መጋዘን ብቻ ነው። አንጓች ወደ መጋዘን ጠባቂው ወደ አቶ ሙሉሰው ሄደች። «ጋሽ ሙሉሰው፣ ይክፈቱልኝ። ሬዚኑ አልጠነክር አለ፣ ጨርቁ አላቅፍ አለ፣ ጀልባው አልንሳፈፍ አለ፣ ወንድሜ እየሞተ ነው።»

አቶ ሙሉሰው ከልባቸው አዘኑ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «አይ አንጓች፣ ድረስን የመሰለ ሰው። ደብዳቤ ይዘሻል?»

ደብዳቤ አጽፋ መጣች። አቶ ሙሉሰው አገላብጠው አዩት። «ጽሑፉ ያምራል። ማኅተሙስ?»

«ማኅተሙ የት ነው ያለው?»

«በሊቀመንበሩ ኪስ ነዋ። ሲበሉም ሲተኙም ከኪሳቸው አይለይም፤ ጥንቁቅ ሰው ናቸው።»

«ሊቀመንበሩ እኮ ደሴቱ ላይ ናቸው።»

«ታዲያ ይምጡልሽ።»

«ስልክ ደውለው ቢያዙዎትስ?»

«ድምፅ ላይ ማኅተም የት ይመታል፣ የኔ እመቤት?» አሉና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

አንጓች ደሴቱ ላይ ደወለች። የድረስ ድምፅ ከትናንት ቀጥኗል።

«የት ደረስሽ?»

«መጣሁ፣ ጋሼ። ማኅተሙ ከኪስ አልወጣ አለ፣ ደብዳቤው ያለማኅተም አልሠራ አለ፣ መጋዘኑ ያለደብዳቤ አልከፈት አለ፣ ማጠንከሪያው ከመጋዘን አልወጣ አለ፣ ሬዚኑ አልጠነክር አለ፣ ጨርቁ አላቅፍ አለ፣ ጀልባው አልንሳፈፍ አለ፣ ሐይቁ አላሻግር አለ። መጣሁ።»

ድረስ ሰምቶ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ቆሎ ወደሚቆረጥሙት ሊቀመንበር ዞረ። «አቶ ቢያድግልኝ፣ ማኅተሙን ይዘው ይሻገሩልኝ።»

«በምን ልሻገር? ጀልባ ሲገኝ እሻገራለሁ።»

ይኸውላችሁ፤ ጀልባው ማኅተሙን ይጠብቃል፣ ማኅተሙ ጀልባውን ይጠብቃል። ሁሉም በደንቡ መሠረት ተቀምጧል። የቸኮለው በሽታው ብቻ ነበር።

ድረስ ግን አናጢ ነው። «አልጋው ሥር ሣጥኔ አለ» አለ። በጤናው ሳለ በገዛ እጁ የሠራው የሬሳ ሣጥን ነው። «ይውሰዱት። ለዛሬ አልፈልገውም።»

«በቁሜ ሬሳ ሣጥን ውስጥ?»

«ይቀመጡበታል እንጂ ማን ተኙ አለዎት? ደግሞ ነገ ከሞትኩ ሣጥኑ ከእኔ ጋር ይገባል፤ ያን ጊዜ መሄጃም የለዎት።»

ሊቀመንበሩ ይህን ሲሰሙ የያዙትን ቆሎ አስቀመጡ።

በሁለት የእንጨት ጭልፋ እየቀዘፉ ተነሡ። ሣጥኑ የተጣበቀው በነጭ ኮላ ነበር፤ ድረስ ሲሠራው ያሰበው አፈርን እንጂ ውሃን አይደለም። ከሐይቁ አጋማሽ ላይ ክዳኑ ተሰናበታቸው። ወዲህ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ጎንና ጎኑ ሄደ። ዳሩ ላይ የደረሱት በወለሉ ጣውላ ላይ በደረታቸው ተኝተው፣ ማኅተሙን በአንድ እጃቸው ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው ነው።

ከዚያማ ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ለቀቁ፣ ማኅተሙ ደብዳቤውን መታ፣ ደብዳቤው መጋዘኑን ከፈተ፣ መጋዘኑ ማጠንከሪያውን ሰጠ፣ ማጠንከሪያው ሬዚኑን አሞቀ፣ ሬዚኑ ጨርቁን አራሰ፣ ጨርቁ ጀልባውን አቀፈ። ሬዚኑ እስኪደርቅ አንጓች ከማዕበሉ ጋር የመጡትን የሣጥኑን ጣውላዎች አንድ በአንድ ለቀመች። በተረፈው ሬዚን አጣበቀቻቸው፣ በተረፈው ጨርቅ ዙሪያውን አለበሰቻቸው። በሦስተኛው ቀን ጀልባው ተንሳፈፈ፣ ሐይቁም አሻገራት። ሣጥኑ ከኋላዋ በገመድ ታስሮ እየተንሳፈፈ ተከተላት።

ድረስ አልሞተም ነበር። ፊቷን ብዙ አየው። ከዚያ «ሣጥኔስ?» አለ።

ወደ አልጋው አስጠጋችለት። በጣቱ አንኳኳው፣ መጋጠሚያውን ዳሰሰው።

«በምን አጣበቅሽው?»

«በሬዚን።»

«ውሃ ያስገባል?»

«አያስገባም፣ ጋሼ።»

«ጥሩ እጅ አለሽ» አላት። በዕድሜው ሥራዋን ሲያመሰግን ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የመጨረሻውም ሆነ።

የቀበሩት የሰኔ ዝናብ ሲወርድ ነው። ቄሱ በዝናቡ ራሱ፣ አንጓች ራሰች፣ አቶ ሙሉሰው ከነመነጽራቸው ራሱ፣ አቶ ቢያድግልኝም ከነማኅተማቸው ራሱ። ደረቅ የነበረው ድረስ ብቻ ነው።