የተጣለው በር

በለጡ የምትባል አንዲት ምላሰኛ ገበሬ ከባሏ ጋር ሰው የጣለውን ሁሉ እየለቃቀመች በረት ሠራች። ምሰሶው ከፈረሰ ድልድይ የተረፈ ግንድ፣ ጣሪያው ነፋስ ያመጣው ቆርቆሮ ነው። በሩ ደግሞ ግራዝማች አጥናፌ አዲስ ሲያሠሩ ገደል ያስጣሉት የግቢያቸው በር ነው።

በለጡ ያንን በር አሳምራ ታውቀዋለች። የተነጠቀ መሬቷን ልታስመልስ ደጅ ስትጠና ዘበኛው ክረምት ከበጋ አመላልሷታል። ጠዋት «ጌታው እህል እየቀመሱ ነው፤ ዛፉ ሥር ጠብቂ» ይላታል፤ ማታ ደግሞ «ነገ ተመለሺ» ብሎ ይሸኛታል።

አንድ ቀን ግራዝማች አሽከሮቻቸውን አስከትለው ሲያልፉ በሩን አዩና ከበቅሏቸው ወረዱ።

«ይሄ የእኔ በር ነው!»

«ጥለውት እኮ ነው፣ ጌታዬ» አለች ከባሏ ጋር በሩ ላይ የቆመችው በለጡ።

«ብጥለውስ! ይህ በር የትም ይተከል የትም፣ ደጁ የእኔ ደጅ ነው፤ የሚሠራበትም የእኔ ደጅ ደንብ ነው። እዚያ ውስጥ ያሉት ከብቶችም የእኔ ናቸው። ክፈቺ!»

ባሏ ሊከፍት ተንደረደረ። በለጡ ግን ነጠላዋን አደግድጋ እጅ ነሣች።

«በደጅዎ ደንብ ከሆነማ ምን እላለሁ፣ ጌታዬ» አለች። «እሜቴ ላሚቱ ገለባ እየቀመሱ ነው፤ ዛፉ ሥር ይጠብቁ።»

አሽከሮቹ ሳቃቸውን ለመዋጥ ፊታቸውን አዞሩ። ግራዝማች ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ላሚቱ ከውስጥ «እምቧ!» አለች።

«ሰሙ አይደል?» አለች በለጡ። «ነገ ይመለሱ ብለዋል።»