አውሮፕላኑ ፊቱን ወደ እኛ ሲያዞር

አንድ ሹፌር ነበር። ተሳቢ መኪና የሚነዳ፣ ዓመት ከዓመት ጅቡቲ የሚመላለስ። ቤቱ ቢሾፍቱ ነው። ሚስቱ ሞታበታለች። ትርሲት የምትባል አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችው። የምታሳድግለት ታላቅ እህቱ አስካለ ናት።

ይህ ሰው ልጁን ይወዳል? እንዴታ! አፋር ላይ በዚያ ሙቀት የሚቀቀለው ለማን ብሎ ነው? ግን ቤት ሲገባ ልጅቱ ምን ታደርጋለች መሰላችሁ? ብድግ ትላለች። ወንበር ትለቅለታለች። ውሃ በሁለት እጇ ይዛ ታቀርብለታለች። "ደህና ገባህ?" ትለዋለች። ከዚያ ጥግ ይዛ ቁጭ ነው። ለእንግዳ የሚደረገውን ሁሉ ታደርጋለች፣ አንድም አታጎድልም። እሱን የሚገድለው ይኸው አለማጉደሏ ነው። የጎረቤት ልጆች አባታቸው ሲገባ ዘለው ኪሱን ሲበረብሩ ያያል። የእሱ ልጅ ኪሱን ነክታ አታውቅም።

አንድ ጥር ላይ የመኪናው ሞተር ወረደ። ጋራዡ "አሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል" አለው። ሌላ ሹፌር ቢሆን ራሱን ይይዝ ነበር። እሱ ግን በልቡ፣ "በእነዚህ አሥራ ሁለት ቀናት ልጄ ካልለመደችኝ መቼም አትለምደኝም" አለ።

እህቱን ጠየቃት።

"እትዬ፣ ትርሲት ምንድን ነው የምትወደው?"

"አባቷ አንተ ነህ እኔ?"

"እባክሽ ንገሪኝ።"

"አውሮፕላን። በላያችን ሲያልፍ ቀና ሳትል በድምፁ ብቻ የትኛው እንደሆነ ትነግርሃለች። የአንተን መኪና ድምፅ ግን አትለየውም።"

ይቺን ነገር ውጦ ወጣ።

በከተማው ጋሽ ሉልሰገድ የሚባሉ ጡረተኛ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። አሁን ግቢያቸው ውስጥ ባለች ሰርቪስ ቤት በሪሞት የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች እየሠሩ ይሸጣሉ። ሹፌሩ ገና ከበር ሲገባ ዓይኑ ቀዩ ላይ አረፈ። ሹል አፍንጫ፣ አጭር ክንፍ፣ የጦር ጄት የመሰለ።

"ጋሼ፣ ይሄንን ይስጡኝ።"

"ለማን ነው?"

"ለሴት ልጄ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።"

"ብቻዋን ልታበር ነው?"

"አይ፣ አብረን ነው።"

"አንተ አብርረህ ታውቃለህ?"

"እኔ ሹፌር ነኝ።"

"እሱን አልጠየቅኩህም። ይሄንን አልሸጥልህም። ይሄ አንተ እስክታስብ ድረስ መሬት ላይ ነው። ና ወዲህ።"

አውጥተው ያሳዩት ሌላ ነው። ነጭ፤ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ በሚመጣው በዚያ ፎም የተሠራ። ክንፉ ሰፊና ረጅም፣ ከጀርባው በላይ የተቀመጠ፣ ጫፍና ጫፉ ቀና ያለ። የሚሽከረከረው ማራገቢያ ከኋላው ነው፤ በአፍንጫው ቢወድቅ እንዳይሰበር ተብሎ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዶሮ ነው የሚመስለው።"

"ዶሮ በለው። ቀርፋፋ ነው፣ የምሰጥህም ስለሚንቀራፈፍ ነው። ስትሳሳት ይጠብቅሃል። ግራ ሲገባህ ጣትህን ከሪሞቱ ላይ አንሣ፤ ከፍ ብሎ ከሆነ ራሱ ቀጥ ይላል። ከወደቀም በማስቲሽ ትለጥፈዋለህ። በጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሣ አብሩት። ደግሞ ስማኝ፤ ከአንተ ሲርቅ ቀላል ነው። ጉዱ ወደ አንተ ሲመለስ ነው። ያን ጊዜ..."

"ጋሼ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ! ተሳቢ ወደ ኋላ የሚያስገባ ሰው ይሄ ያቅተዋል?" አለና ዶሮውን በብብቱ ይዞ ውልቅ። ሽማግሌው ነገራቸውን ሳይጨርሱ ቀሩ።

ወገኖቼ፣ ሰው የሚያውቀው ነገር ጆሮውን እንዴት እንደሚደፍንበት አያችሁ?

በማግስቱ ጠዋት አባትና ልጅ ጤፍ ወደታጨደበት ሜዳ ወጡ። ወረወረው፣ ወጣ። እንዴት ያለ አወጣጥ! ትርሲት አፏን በእጇ ያዘች። ባሕር ዛፎቹ ድረስ ሄደ፣ እዚያ ዞረና ፊቱን ወደ እነሱ አደረገ። ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ መሰለው። ቀኝ ሰጠው። ባሰበት። አሁንም ቀኝ ሰጠው። ተሽከርክሮ መሬት ላይ ተተከለ።

"ቀኝ ነው እኮ የሰጠሁት! ዓይኔ እያየ ቀኝ ነው የሰጠሁት!"

እውነቱን ነው። ቀኝ ነው የሰጠው።

ግን አስቡት። መኪና ውስጥ ሹፌሩ የሚቀመጠው ከውስጥ ነው፣ የመኪናው ቀኝ የእሱ ቀኝ ነው። አውሮፕላኑ ፊቱን ወደ እሱ ሲያዞር ግን የአውሮፕላኑ ቀኝ የእሱ ግራ ይሆናል። ከሰው ጋር ፊት ለፊት ቆማችሁ እጅ ስትጨባበጡ፣ የእሱ ቀኝ እጅ ከየት በኩል ነው የሚመጣው? ከግራችሁ በኩል አይደለም? ይኸው ነው ነገሩ። ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከውስጥ ሆኖ ነዳ እንጂ ወደ እሱ የሚመጣ ነገር ነድቶ አያውቅም።

በሁለተኛውም ቀን ወደቀ። በሦስተኛውም። ማታ ማታ በማስቲሽ ይለጥፉታል፣ ጠዋት ጠዋት ይወድቃል። ክንፉ የቁስለኛ እጅ መሰለ። ልጅቱ ሪሞቱን ለመያዝ እጇን ስትዘረጋ፣ "ቆይ፣ አትንኪው፣ መጀመሪያ እኔ ልልመደው!" ይላታል። እጇን ትሰበስባለች። በዘጠነኛው ቀን ምን አለችው? "አባዬ፣ ደክሞህ እንደሆነ ቤት እንግባ።" በዚያው በእንግዳ አንደበቷ። ቀኑ እያለቀበት ነው፣ ልጁ ግን ዛሬም ጥግ ላይ ናት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከጋራዡ ተደወለ። ሞተሩ ገብቷል፣ ከነገ ወዲያ ጉዞ ነው። አቀርቅሮ ሲቀመጥ እህቱ አየችው።

"አንተ ደምሴ፣ አውሮፕላኑን ለማን ነው የገዛኸው?"

"ለእሷ ነዋ።"

"ታዲያ አንድ ቀን አስይዘሃታል?"



በመጨረሻው ጠዋት ሜዳው ላይ ሪሞቱን ሰጣት። "እንቺ።"

"ብሰብረውስ?"

"እኔ ያልሰበርኩት ምኑ ቀረና!"

ሳቀች። እሱም ወረወረላት። ዶሮው ወጣ፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ ደረሰ፣ ዞረ፣ ፊቱን ወደ እነሱ አደረገ። የአባትየው ጣቶች ባዶ አየር ላይ ቀኝ ቀኝ ይላሉ። ልጅቱስ? ልጅቱ ዞረች። ጀርባዋን ለአውሮፕላኑ ሰጠች!

"ኧረ ትርሲት! ወዴት ነው የምትዞሪው? በዚህ በኩል እኮ ነው የሚመጣው!"

"ዝም በል አባዬ!"

ዝም በል ያለችው ውሃ በሁለት እጇ የምታቀርበዋ ልጅ ናት።

አንገቷን ብቻ መልሳ በትከሻዋ በኩል ታያለች። አውሮፕላኑ ወደሚሄድበት አቅጣጫ እሷም ደረቷን ሰጥታ ቆማለች። ትንሽ ቀኝ፣ ትንሽ ግራ። ያ ቀርፋፋ ነገር አይቸኩል፣ እሷም አትቸኩል። ቀዩን ገዝቶ ቢሆን ለዚህ ሁሉ ማሰቢያ ጊዜ ከየት ይመጣ ነበር? ቀጥ ብሎ መጣ። ዝቅ ብሎ መጣ። ጥላው በገለባው ላይ ተንሸራቶ በልጅቱ ላይ አለፈ፣ በአባቷ ላይ አለፈ። ሰውየው ሳያውቀው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

"ማነው ያስተማረሽ?" አላት።

"ማንም። እኔ እዚያ ውስጥ ብቀመጥ በየት በኩል ነበር የማየው ብዬ ነው። አንተም ዙርና ሞክር።"

ዞረ። አንድ ጊዜ እሷ፣ አንድ ጊዜ እሱ፣ ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተው በትከሻቸው ያያሉ። አህያ የሚነዱ አንድ ሰው በመንገዱ ሲያልፉ፣ "ምነው፣ አውሮፕላኑን አኮረፋችሁት እንዴ?" አሏቸው። አባትና ልጅ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አውሮፕላኑ ግን አልወደቀም።

ባትሪው ሲያልቅ ልጅቱ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሰውየው ሁልጊዜ ፊት ለፊቷ ነበር የሚቀመጠው። ያን ቀን ጎኗ ቁጭ አለ፣ እሷ ወደምታይበት እያየ። "ትርሲትዬ፣ ከአንቺ በኩል ስታዪኝ እኔ ምን እመስልሻለሁ?" አላት።

አሰበች። ልጅ ደግሞ ሲያስብ አይዋሽም።

"የምትሄድ ትመስለኛለህ። ስትገባም እየሄድክ ነው።"

ጫማ አምጥቶላታል፣ ግን በባለፈው ዓመት ቁጥሯ። በርትቶ ሠርቷል። ሄዷል፣ መጥቷል። እሱ ባለበት በኩል ሁሉም ቀኝ ነበር። በእሷ በኩል ግን አባቷ ሁልጊዜ በር ላይ ነው።

እዚያው ሜዳው ላይ ሆኖ ለመኪናው ባለቤት ደወለ። "ጅቡቲን ለሌላ ሰው ስጥልኝ። እኔን ከሞጆ አዲስ አበባ አመላልሰኝ፣ ማታ ማታ ቤቴ ልግባ።" ባለቤቱ፣ "ሰው ጅቡቲን አልቅሶ ይለምነኛል፣ አንተ ምን ነክቶህ ነው?" አለው። "ልጄን አየኋት" አለው። ትርሲት ስልኩን ሰምታለች። ተነሥታ እጇን ኮቱ ኪስ ውስጥ ሰደደች።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ስንቶቻችሁ ናችሁ "ቀኝ ነው እኮ የሰጠሁት" እያላችሁ የምትኖሩ? ከባላችሁ ጋር፣ ከሚስታችሁ ጋር፣ በአጥር ከተጣላችሁት ጎረቤት ጋር? መልካም ታደርጉለታላችሁ፣ ይብስበታል። ትመክሩታላችሁ፣ ይርቃችኋል። ውሸታም ናችሁ አልልም። ቀኝ ነው የሰጣችሁት። ግን በማን በኩል ነው ቀኝ የሆነው? እሱ ካለበት ሆናችሁ አንድ ቀን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ ነገር አንድ ነው። እግዚአብሔር ይህንን አድርጎታል! ሰማይና ምድርን የያዘ አምላክ፣ ከላይ ሆኖ በጣቱ ሊዘውረን የሚችል አምላክ፣ ወረደ። ወርዶ በእኛ በኩል ቆመ። ራበው። ደከመው። ጀልባ ላይ እንቅልፍ ጣለው። ወዳጁ ሲሞት አለቀሰ። ከዚህ ከአፈሩ ላይ ሆኖ ሰማይ ለሰው ምን ያህል ሩቅ እንደሚመስል በሰው ዓይን አየ። ማን ያስገድደዋል? ማንም! ደግሞም አይቸኩልም። ስንሳሳት ይጠብቀናል።

ታዲያ እሱ ይህን ሁሉ መንገድ ከወረደ፣ እኛ ከአንድ ወንበር ተነሥተን ወደ ሌላው መሄድ እንዴት ያቅተናል?

ዛሬ ቤታችሁ ግቡ። ያንን የከበዳችሁን ሰው ፈልጉት። አትምከሩት። አትውቀሱት። ቀኝህ ይህ ነው፣ ግራህ ይህ ነው አትበሉት። ጎኑ ቁጭ በሉና ከእሱ በኩል ምን እንደሚታይ ጠይቁት። የሚነግራችሁም ቢያማችሁ፣ ከዚያ ወንበር አትነሡ።