የሴንት ኦዲል ሰፈር ልጆች ጩኸት

በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ወንዝ ዳር ባለችው በሴንት ኦዲል ሰፈር፣ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ በልደቱ ቀን የቤቱ የእንጨት ደረጃ አናት ላይ ይወጣና ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «አሬት!» ብሎ ይጮሃል። በፈረንሳይኛ «አቁም!» ማለት ነው። ይህን የሰማ የሰፈሩ ሰው፣ ልብስ የሚያሰጣም ይሁን መኪና የሚያስነሳ፣ ባለበት ቀጥ ይላል። እኔም በተራዬ ጮኼ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞልኛል።

ልማዱ የመጣው፣ ሽማግሌዎች እንደሚነግሩን፣ አያቶቻችን ከካናዳ ተሰደው በጥጥ ፋብሪካው በተቀጠሩበት ዘመን ነው። አንዷ የሌላዋን ልጅ እያጠባች፣ በግድግዳ እየተጠራሩ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ ይባላል። ፋብሪካው ውስጥ ግን ፈረንሳይኛ ክልክል ሆነ። ካቦው፣ ስሙን መጥራት እንኳ የሚያስጠላኝ ሰው፣ ሦስት ጊዜ በፈረንሳይኛ ስትናገር የሰማትን ሠራተኛ ያባርር፣ ከነቤተሰቧም ከኩባንያው ቤት ያስወጣ ነበር።

ዴሊማ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሁለት ጊዜ ተይዛለች። መበለት እናቷ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይዛ «ልጄ፣ በማርያም፣ አፍሽን ሰብስበሽ ዋዪ፤ መግቢያ የለንም» ትላት ነበር።

አንድ ቀን፣ እንደሚባለው፣ የማሽኑ ቺንጋ አጠገቧ የምትሠራውን የታናሽ እህቷን የአልፎንሲንን እጅጌ ያዘና ይጎትታት ጀመር። ማሽኑን የሚያጠፋው ጎረቤታቸው ኦቪላ ጀርባውን ሰጥቶ አምስት እርምጃ ላይ ቆሟል። ዴሊማ አፏን ከፈተች፤ የመጣላትን ቃል ዋጠችና እንግሊዝኛውን ፍለጋ ገባች። ቃሉን ስታገኘው የአልፎንሲን ነፍስ ወጥታ ነበር።

«ምነው ዝም አልሽ?» አላት ካቦው። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አፍ!

እናትየው በማግስቱ ልጇን ቀብራ በቀጥታ ወደ ፋብሪካው ገባችና፣ መሐል ወለሉ ላይ ቆማ «አሬት!» ብላ ጮኸች። መጀመሪያ ኦቪላ አጠፋ፤ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም፤ ፋብሪካው እንዳለ ጸጥ አለ ይባላል።

«አሁንስ ገባህ?» አለችው ካቦውን፣ በፈረንሳይኛ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይጮሃል። ባለፈው ሳምንት ተራው የእህቴ ልጅ ነበር፤ ጮኸ፣ ሰውም ቆመ። ከደረጃው ሲወርድ «እስቲ ደግሞ ውኃ ስጡኝ በል በፈረንሳይኛ» አልኩት። አፍጥጦ አየኝ። ከቋንቋችን የሚያውቀው ያችኑ አንዲት ቃል ብቻ ነው። ሌላውን ያስረሳው ካቦው አይደለም፤ ልጆቻችን እንዳይሰደቡብን ብለን እኛው ራሳችን ነን። በልማዱ እንኮራለን የሚሉ አሉ፤ እኔን ግን ያንገበግበኛል።